ያልተፈታው ጥቅል

ባለፈው እሁድ ልጄ ሶልያና የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ካርታ ዘርግታ የትምህርት ቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። እኔ አጠገቧ ቆሜ ሽንኩርት እከትፋለሁ። ካርታው ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ነው፤ እዚህም እዚያም የቁንዶ በርበሬ ፍሬ የማያክል ጥቁር ነጥብ ጣል ጣል ብሎበታል። ርዕሱ ቻይና በትንንሽ የደሴት አገሮች ላይ እያገኘች ስለመጣችው ተሰሚነት ነው አለችኝ። የጻፍሽውን አንብቢልኝ አልኳት። በእንግሊዝኛዋ ስታንበለብለው ቆይታ አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ቢላዬን አስቀመጥኩ። "እነዚህ አገሮች በጣም ትንንሽ ስለሆኑ የሚሰጣቸውን ከመቀበል ሌላ ምርጫ የላቸውም" ይላል።

"ማን አለ?"

"ማሚ፣ ኤቭሪባዲ! እያቸው እስኪ፣ ጀስት ዶትስ እኮ ናቸው።"

"ከነጥቦቹ አንዷን አውቃታለሁ" አልኳት። "ምርጫ የላትም የተባለ ቀን እዚያው ቆሜ ነበር።"

ሳቀችብኝ። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ እናቷ ከሲልቨር ስፕሪንግ ያለፈ ዓለም የምታውቅ አይመስላትም። ሽንኩርቱን ትቼ ተቀመጥኩና ነገርኳት። እዚህ የምጽፈውም ያንኑ ነው፤ ለእሷ ያልነገርኳትን ጥቂት ጨምሬበት።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ከወላይታ በዲቪ መጥቼ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከሁለት ሴቶች ጋር አንድ አፓርታማ ተጋርተን እንኖር ነበር። ሥራዬ ሆም ኬር ነው፤ በየቤቱ እየሄዱ አቅመ ደካማ መንከባከብ። የደረሱኝ አሮጊት የሚኖሩት አሌክሳንድሪያ ስለነበር ጠዋት በቀዩ ባቡር እሄድና መሀል ከተማ ላይ ወደ ቢጫው እቀይራለሁ። ቢጫው ባቡር ከመሬት ውስጥ ወጥቶ የፖቶማክን ድልድይ ሲሻገር ብርሃን በአንድ ጊዜ ይሞላል፤ እንቅልፍ ይዞኝ ቢሆን እንኳ እዚያ ላይ እነቃ ነበር። ከዚያ ደግሞ አውቶቡስ አለ። መንገዱን አልጠላሁትም። እንዲያውም በቀን ውስጥ ማንም የማያዘኝ ያን ሰዓት ብቻ ነበር።

አሮጊቷን እማማ ሩት እላቸው ነበር። በፓስፊክ ውቅያኖስ መሀል ያለች የአንዲት ደሴት ሰው ናቸው። የአገሪቱን ስም አልጠራም፤ ቤተሰቡ ብዙ ነው፣ ቂሙም ገና አልበረደም። ዋሽንግተን ባለው ኤምባሲያቸው ሠላሳ ዓመት በጸሐፊነት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ኩላሊታቸው ስለታመመ በሳምንት ሦስት ቀን ደማቸው በመሣሪያ ይታጠባል። ያ መሣሪያ ደሴታቸው ላይ ስለሌለ መመለስ ቢመኙም ብቻቸውን እዚሁ ቀርተዋል። ግዙፍ ሴት ናቸው፤ ድምፃቸው ግን ቀስ ያለ ነው። ሰው ሲያናግራቸው ጨርሶ እስኪናገር ይጠብቃሉ፣ ከዚያም በኋላ ትንሽ ይጠብቃሉ። እኔ እንኳን ልጠብቅ፣ የሰውን ዓረፍተ ነገር ከአፉ ነጥቄ የምጨርስ ሰው ነበርኩ።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሥር እንድገዛላቸው ለመኑኝ። ቆዳው ጠጉራም፣ ውስጡ ነጭ ሆኖ ሐምራዊ ነጠብጣብ ያለበት ነው አሉኝ። ታኮማ ፓርክ አንድ ሱቅ ውስጥ አገኘሁትና ቆሜ ቀረሁ። ጎደሬ ነው! እኛ ቤት በልቼው ያደግኩት ጎደሬ። አዲስ አበባ አንድ ዓመት ስቀመጥ "ጎደሬ በላተኛ" እያሉ ስለቀለዱብኝ ስሙን ዳግመኛ ላልጠራው ለራሴ ምዬ ነበር። እሳቸው ግን ሲያዩት እንባቸው መጣ። ሐኪም ከልክሏቸዋል፤ ሁለት ጊዜ ቀቅለው ውሃውን ከደፉት ብቻ ጥቂት ይፈቀድላቸዋል። ሁለት ጊዜ ቀቀልኩት፣ በኮኮናት ወተት አራስኩት፣ በአንድ ሳህን ላይ በላነው። "የንጉሥ ምግብ ነው" አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በጎደሬ አላፍርም።

ሲበሉ ስለ ባሕሩ ዳር ይነግሩኛል። ከቤታቸው ደጃፍ፣ አሸዋውና ሣሩ በሚገናኙበት ላይ፣ ባላቸውና አራት ዓመት ብቻ የኖረች ልጃቸው ተቀብረዋል። መቃብሩ ላይ ነጭ ዛጎል ይነጠፋል፤ ገና በደረሰ ቁጥር ዘመድ ተሰብስቦ ዛጎሉን በባሕር ውሃ ያጥበዋል። "በሦስተኛው ቦታ የምገባው እኔ ነኝ" ይሉኝ ነበር፤ ባቡር ላይ ወንበር እንደያዘ ሰው በእርጋታ። አንድ ቀን ግን ሌላ ነገር ጨመሩበት። ያን ባሕር ዳር የቻይና ኩባንያ ትልቅ ወደብ ሊሠራበት ፈልጎታል፤ መንግሥታቸውም ደስ ብሎታል። የቀረው የቤተሰቡ ታላቅ ቃል ነው። በአገራቸው ልማድ የዘር መሬት ያለ ታላቁ ቃል አይነካም። ታላቋ ደግሞ እሳቸው ናቸው። ሁለት ጊዜ በደብዳቤ ተጠይቀው ሁለት ጊዜም እምቢ ብለዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ቻይና ጠላቴ አይደለችም። ወደ መንደራችን የሚያስገባውን መንገድ የሠሩት ቻይኖች ናቸው፤ ታማሚ በቃሬዛ መሸከም የቀረው በእነሱ ነው። አባቴም አብሯቸው ሠርቷል፤ ጎበዝ ሠራተኞች ናቸው ይል ነበር። ግን ያ መንገድ የአያቴን መቃብር ይዞት ሄደ። መሐንዲሱ ሳይሆን የራሳችን ሰው፣ ከወረዳ የመጣው፣ "ልማት ነው" አለን። አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ዝም አለ። ብዙ ሌሊት ያንገበገበኝ መንገዱ አይደለም፣ ያ ዝምታ ነው። ማን ጠየቀው? ተጠይቆስ ቢሆን ምን ይል ነበር?

እንግዲህ ወደ ግንቦት እንምጣ። በየአሥራ ሰባት ዓመቱ ከመሬት የሚወጣው ያ ዓይነ ቀይ ጯሂ ነፍሳት የወጣበት ግንቦት ነበር። ዛፉ ሁሉ ይጮኻል፤ አውቶቡስ ለመጠበቅ ስቆም ከትከሻዬ ላይ እያራገፍኩ ነው። እማማ ሩት ከእጥበት ተመልሰው ተኝተዋል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ በር ተንኳኳ።

ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ዳንኤል ይባላል፤ የእማማ ሩት የወንድም ልጅ፣ ለመንግሥታቸው የሚሠራ፣ ከልዑካን ጋር በዚያ ሳምንት የመጣ። ሁለተኛው የኩባንያው ሰው ነው፤ ጠና ያለ ቻይናዊ፣ በር ላይ ጫማውን ሳይነገረው ያወለቀ።

"አክስቴ አሉ?" አለ ዳንኤል።

"ተኝተዋል። ደክሟቸው ነው። ልቀስቅሳቸው?"

"አይ፣ አይ! ይረፉ።"

እዚህ ላይ መንቃት ነበረብኝ። እኔ እቴ! እንግዳ ቤት ገብቶ ሳይቀምስ ሊወጣ ነው የሚለው ሐሳብ ብቻ ነበር ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው። አስቀመጥኳቸው፣ ጎደሬውን አሙቄ አቀረብኩ። ዳንኤል በቀይ ጨርቅ የተጠቀለለ፣ በገመድ ቋጠሮ የታሰረ ረዘም ያለ ነገር ይዞ ነበርና ከክፍሉ መሀል ወለሉ ላይ አስቀመጠው። በቋንቋው ጥቂት ቃል ተናገረ። ጥቅሉ መሬት ላይ ነው፤ ማንም አያነሳውም። ስጦታ መሬት ላይ! እንግዳ ይዞት የመጣውን ነገር ወለል ላይ ትቶ ማየት የት ያደግኩ ልጅ ልሁን? በሁለት እጄ አነሳሁት፣ "ምነው ተቸገራችሁ" አልኩ በአማርኛ፣ ጎንበስ ብዬ አመሰገንኩና ወደ ውስጥ፣ ወደ መኝታ ቤቱ ወሰድኩት። ከኋላዬ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዳንኤል በታጣፊ ስልኩ ፎቶ አንስቶኛል። ለማስታወሻ መስሎኝ ፈገግ አልኩለት። ብዙም ሳይቆዩ ተነሱ። ዳንኤል ሲወጣ እጄን ጨብጦ ሁለት ጊዜ ወዘወዘው።

እማማ ሩት ሲነቁ ጥቅሉ አልጋቸው አጠገብ ነው።

"ይህን ማን አስገባው?"

"እኔ ነኝ። የወንድምዎ ልጅ ይዞት መጥቶ መሬት ላይ—"

ፊታቸውን አይቼ አቆምኩ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ቆይተው ቀስ ብለው አስረዱኝ። በእነሱ አገር ልመና ያለው ሰው ስጦታውን ከቤቱ መሀል ያኖረዋል። ስጦታው እዚያው ይቆያል፤ አንድ ቀንም ቢሆን፣ አንድ ወርም ቢሆን። ቤተሰቡ ወይም በቤቱ ያለ ሰው ወደ ውስጥ ካስገባው ልመናው ተፈቅዷል ማለት ነው። ወረቀት አይፈረምም፣ ሌላ ቃል አያስፈልግም። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚባለው ለእኔ ነው። የሁለት መቃብር መሬት በሁለት እጄ፣ ጎንበስ ብዬ፣ አመስግኜ ሰጠሁ።

ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ስልኩ መጮኽ የጀመረው በዚያው ምሽት ነው። ፎቶው ደሴቱ ደርሷል፤ እህታቸው እዚያ ማዶ ሆና "መሬታችንን በሠራተኛሽ እጅ ሰጠሽው?" ትላቸዋለች። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አሌክሳንድሪያ ወንዙ ዳር ባለ ሆቴል ግብዣ አለ፤ ስምምነቱ እዚያ በይፋ ሊነገር ነው። እማማ ሩት ስልኩን ዘጉና ዞረው አዩኝ።

"ልጄ፣ ፈታሽው?"

"ምኑን?"

"ቋጠሮውን።"

"በእኛ አገር ስጦታ በሰጪው ፊት አይከፈትም" አልኩ እያለቀስኩ። "ደግሞ የእርስዎን ስጦታ የምፈታ እኔ ምን ቤት ነኝ?"

ያን ጊዜ ነው የሳቁት። ሆዳቸው እየተንቀጠቀጠ ሳቁ። ቋጠሮው ካልተፈታ ነገሩ አላለቀም፤ ሊመለስ ይችላል። መመለስ ያለበት ግን ያስገባው ሰው ነው፣ በራሱ እጅ፣ ሰው ሁሉ እያየ። ሌላ ሰው ቢመልሰው አይቆጠርም። እንድሄድ አላዘዙኝም። ያሉኝ ይህን ብቻ ነው፦ "መቃብሩ የእኔ ነው፣ እጁ ግን የአንቺ ነው።"

ማታ ለተቆጣጣሪዬ ደውዬ የሆነውን ነገርኳትና ጥቅሉን ልመልስ ነው አልኳት። ሲስተር ገነት የአገሬ ሰው ናት፤ ክፉ አይደለችም፣ ግን ሥራዋን ትወዳለች።

"ታደለች፣ ስሚኝ የኔ እህት። የክላየንት ፋሚሊ ኢሹ ውስጥ ኢንቮልቭ ማድረግ አይቻልም። ፖሊሲ ነው። ኮምፕሌን ካደረጉብሽ እኔ ሴቭ ላደርግሽ አልችልም፣ ገባሽ? በዚያ ላይ አንቺን ምን አገባሽ? የቻይናና የደሴት ነገር!"

"ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ ሲስተር።"

"እና ሥራሽን ልታጪ ነው?"

አባቴ ባርኔጣውን ሲያወልቅ ታየኝ። "ልጣ" አልኳትና ዘጋሁት። በሕይወቴ ለአለቃ እንደዚያ ተናግሬ አላውቅም።

ሐሙስ ታክሲ ጠራን። ሾፌሩ አበሻ ነው፤ እማማ ሩትን ደግፎ አስገባ፣ ተሽከርካሪ ወንበራቸውን አጥፎ ከኋላ ጫነ። በመስታወቱ ወደ ጭኔ አየ።

"ምንድን ነው እንደ ሕፃን ያቀፍሽው?"

"ስጦታ ነው፣ ጋሼ። ልመልስ ነው።"

"ስጦታ ይመለሳል እንዴ? ነውር አይደል?"

"የኛው ነውር ነው እዚህ ያደረሰኝ" አልኩትና በአጭሩ ነገርኩት። የዱክ ጎዳና መብራት ላይ ቆመን አንገቱን ነቀነቀ። "የሰው ወርቅ አያደምቅ ማለት ይኼ ነው" አለ። ሆቴሉ ጋ ስንደርስ ሒሳቡን አልቀበልም ብሎ ወንበሩን እስከ በሩ ገፋልን። እማማ ሩት በመንገድ ላይ አንዲት ቃላቸውን ደጋግመው አስጠንተውኛል፤ ትርጉሟ "ሳይፈታ" ማለት ነው።

አዳራሹ ውስጥ ሁለት ባንዲራ ቆሟል፣ ዓሣና ፍራፍሬ በረድፍ ተደርድሯል። ሰው ሁሉ ሙሉ ልብስ ለብሷል። እኔ ሰማያዊውን የሥራ ልብሴን ነው የለበስኩት፤ እማማ ሩት ናቸው እንዳትቀይሪ ያሉኝ፣ ፎቶው ላይ ያለው ያው ልብስ ስለሆነ። ዳንኤል ማይክሮፎኑ ጋ ቆሞ "የአክስቴ ቤት ተቀብሎናል" እያለ ነበር። ከዚያ እኛን አየ። ወንበሩን ግድግዳው ጋ አቆምኩ። ጥቅሉን በሁለት እጄ ይዤ በሰዎቹ መሀል ማለፍ ጀመርኩ። ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ሰው መንገድ የለቀቀልኝ ምግብ የማመጣ አስተናጋጅ መስዬው ነው። ዳንኤል እግር ሥር አስቀመጥኩትና ቃሏን ተናገርኩ።

የደሴቲቱ ሰዎች የያዙትን ብርጭቆ አስቀመጡ። የሌላው አገር ሰዎችም እነሱን አይተው አስቀመጡ። ዳንኤል ማይክሮፎኑን ሸፍኖ ጎንበስ አለ።

"አንቺ ማነሽ? አንቺን ምን አገባሽ?"

"ያስገባሁት እኔ ነኝ" አልኩት። "ፎቶዬ አለህ አይደል?"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ከአገሩ ሰዎች አንዱ ነው። ዳንኤል ወደ አክስቱ ሄደ። "አክስቴ፣ ወደብ ያስፈልገናል። ትንሽ አገር ነን፤ የሚሰጠንን እምቢ የማለት አቅም የለንም" አለ። ከልቡ ይመስለኛል። እማማ ሩት ጨርሶ እስኪናገር ጠበቁት፣ ከዚያም በኋላ ትንሽ ጠበቁ።

"ወደብ አልጠላሁም" አሉ። ድምፃቸው ቀስ ያለ ቢሆንም ሁሉ ሰማቸው። "የጠላሁት ልጄ ላይ መሠራቱን ነው። ትንሽ ነን ስትል እሰማሃለሁ። ትንሽ ሰው ተኝቶ ሳለ አይጠየቅም። ነቅቼ ሳለሁ ና።"

ለቻይናዊው ሰውዬ ንግግሩን የሚተረጉምለት ሰው ነበረ። ቀስ ብሎ መጥቶ ጎንበስ አለ፣ ጥቅሉን እንደ እኔው በሁለት እጁ አነሳው፣ ለእማማ ሩት ራሱን ዝቅ አደረገ። ያን ጊዜ የገባኝ ነገር ቢኖር ልማዱን እንዳልነገሩት ነው፤ እሱንም እንደ እኔው አታለውታል።

ወደ በሩ ስንሄድ አንድ አሜሪካዊ ባለሥልጣን ካርዱን ይዞ ተከተለን። ደስ ብሎታል። ትልቅ ነገር አደረጉ፣ እኛ ከጎንዎ ነን አላቸው። እማማ ሩት ካርዱን አልተቀበሉትም።

"ሠላሳ ዓመት እዚህ ከተማ ስኖር ሰላም ያላችሁኝ ዛሬ ነው" አሉት። "እናንተም ጥቅል ካላችሁ ወለሉ ላይ አስቀምጡት። አይተን እንነግራችኋለን።"

ከዚያ ወዲህ ያን ያህል ኩራት ተሰምቶኝ አያውቅም፤ ስዳርም፣ ልጅ ስወልድም። ሰኞ ሲስተር ገነት ደውላ አሰናበተችኝ። ሁለት ወር ያለ ሥራ ተቀመጥኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን በቀዩና በቢጫው ባቡር ጎደሬዬን ይዤ እሄድ ነበር፤ አሁን እንደ እንግዳ ስለሆንኩ እሳቸው ናቸው ሳትበዪ አትወጪም የሚሉኝ።

ወደቡ ተሠራ። ውሸት አልጽፍም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ከእነሱ ቀጥሎ ባለው ባሕር ዳር፣ የዚያ መሬት ታላቅ ፈቅዶ። ትልልቅ መርከቦች ይመጣሉ፣ ሥራ ያገኘ አለ፣ የሚያማርርም አለ። ዳንኤል ሹመት አገኘ ሲሉ ሰምቻለሁ። ብዙ ጊዜ ሰው ይህን ስነግረው "ታዲያ ምን ለወጣችሁ?" ይለኛል። ምን ለወጣችሁ! ሰው ተጠየቀ። አባቴ ያላገኘው ይህን ነው።

ሶልያና ይህን ሁሉ እርሳሷን እያኘከች ሰማችኝ።

"ሶ፣ ውስጡ ምን ነበር?"

"አላውቅም።"

"ኔቨር? አንድ ቀን እንኳን ማየት አላማረሽም?"

"በጣም አማረኝ። አላየሁም።"

ተነስታ ማቀዝቀዣው ጋ ሄደች። ከፒዛ ማስታወቂያው ሥር፣ ከተወለደች ጀምሮ እዚያ የኖረ ፎቶ አለ፤ የእማማ ሩት እህት የላከችልኝ። ባሕር ነው፣ በሩቅ የወደቡ ክሬን ብቅ ብሏል፣ ፊት ለፊት ነጭ ዛጎል የተነጠፈባቸው መቃብሮች አሉ። "ቢች መስሎኝ ነበር እኮ" አለች። ከዚያ በጣቷ ቆጠረች። ዋን፣ ቱ፣ ስሪ።

"ሦስተኛዋ እሳቸው ናቸው?"

"አዎ። ገቡ።"

ፎቶውን ይዛ ተመለሰችና ካርታው ላይ አጎነበሰች። "የቷ ናት? አሳይኝ።" መነጽሬን አድርጌ ፈለግኩ። ሰማያዊውን ሁሉ በጣቴ ሄድኩበት፣ ደግሜ ሄድኩበት። የለችም። ካርታውን የሠሩት ሰዎች ትንሽ ናት ብለው ትተዋታል።

"ብዕርሽን አምጪ" አልኳት። ሰጠችኝ። ቦታዋን አውቀዋለሁ፤ እማማ ሩት ስንት ጊዜ አሳይተውኛል። ጫን አድርጌ አስቀመጥኳት።